ክስ የሚጻፍበት ጠረጴዛ፦ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው፣ የሚኖሩበትን ቤት እሱ እንዲመርጥ፣ የጋራ ሀብታቸውንም እሱ እንዲያስተዳድር ይደነግግ ነበር። ወንድ 18፣ ሴት ልጅ 15 ዓመት ሲሞላቸው መጋባት ይችሉ ነበር። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም ይህ ክፍል ለአገሬው እንግዳ አልነበረም። በየቤቱ ሲሠራበት የኖረው ልማድ የአንቀጽ ቁጥር ተሰጥቶት በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ እንጂ። በዚህ መልኩ 40 ዓመት ጸና።

ሚስት ብትደበደብና ትዳሩ በቃኝ ብትል የምትሄደው ወደ ዳኛ አልነበረም። ጉዳዩን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም በሕጉ መሠረት በጋብቻው ጊዜ ምስክር ሆነው የቆሙት ሰዎች ናቸው። ያጋቧት ሰዎች ያፋቷት ዘንድ ትለምናለች ማለት ነው። ሕጉ ለፍቺ "ከባድ ምክንያት" ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ዝሙት አለ፤ ትዳር ጥሎ ሁለት ዓመት መጥፋትም አለ። ድብደባ የለም። ስለዚህ የተደበደበችው ሴት "ያለ ከባድ ምክንያት" ፍቺ የጠየቀች ትሆናለች፤ ንብረት ሲከፋፈልም በዚህ ልትቀጣ ትችላለች። ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ እስከ አንድ ዓመት ጊዜ ነበራቸው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባለ፣ ለልጆችሽ ስትይ እየተባለ፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም እየተባለ ዓመቱ ያልቃል። እሷም ያን ዓመት የምትኖረው እዚያው ቤት፣ ከዚያው ሰው ጋር ነው።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። አንድ ወንድ ሴት ልጅ ጠልፎ ቢወስድና በኋላ በጋብቻ ቢያስራት ክሱ ይቀር ነበር። ጠላፊው ከእስር የሚያመልጥበት መንገድ ጠለፋውን ዳር ማድረስ ነበር። በዚህ ሕግ ሥር ሽማግሌ ልኮ ወላጆችን ማግባባት ለወንጀለኛው የመከላከያ ማስረጃ ሆነለት። የተጠለፈችው ልጅ አባትም "የተበላሸች" ልጁን ማን ያገባታል ብሎ ሲጨነቅ እሺ ይላል። ሕጉ፣ ሽማግሌውና የአባት ጭንቀት ተጋግዘው ልጅቷን መልሰው ለጠለፋት ሰው ያስረክቧታል።

ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በፊት የሴቶች ማኅበር አልነበረም ማለቴ አይደለም። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለጦርነቱ ፋሻና ስንቅ አዘጋጅቷል፤ ከነፃነት በኋላም በበጎ አድራጎት ሥራው ቀጥሏል። በደርግ ዘመን በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም እስከ ቀበሌ የወረደ መዋቅር ነበረው። ሁለቱም ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን አንደኛው የቤተ መንግሥት፣ ሁለተኛው የፓርቲ ነበሩ። መንግሥት ያወጣውን ሕግ ይዞ መንግሥትን "ይህ ልክ አይደለም" ለማለት የተሠሩ አልነበሩም።

በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚያ የተሠራ ነበር። ጊዜውም ምቹ ነበር። የሴቶች ፖሊሲ በ1985 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው፣ ከጎጂ ልማድም መንግሥት እንደሚጠብቃቸው ደንግጓል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቀደም ሲል የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም በአርቃቂ ኮሚሽኑ ውስጥ በሕግ አማካሪነት ሠርተዋል። አንቀጽ 35 ሲጻፍ በቅርብ ያዩ ሰው ነበሩ ማለት ነው፤ አንቀጹ በሥራ ላይ ከነበረው ነገር ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅም ከዳኝነት ወንበራቸው ያውቁታል። ማኅበሩን ለዓመታት በዳይሬክተርነት መሩት።

አባላቱ ሕግ የተማሩ ሴቶች ናቸው። ያኔ በአገሪቱ የነበሩት ሴት ዳኞች፣ ዓቃቤ ሕጎችና ጠበቆች ጥቂት ስለነበሩ ማኅበሩ ሲጀመር ብዙ ሰው አልነበረውም። የነበረው ሙያ ነው። ሥራውንም በሦስት መስመር ዘረጋ፦ ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ሕግ እንዲሻሻል መጎትጎት፣ ሕዝብን ማስተማር። በርቺ የሚል መጽሔትና ድምጻችን የሚል ሌላ ኅትመት ያወጣ ነበር። ስለ ማኅበሩ ሲወራ በብዛት የሚነሳው ሁለተኛው፣ የሕግ ማሻሻያው ነው። እኔ ግን ዋናው የመጀመሪያው ነበር እላለሁ፤ ሁለተኛው የበቀለው ከመጀመሪያው ነውና።

የነፃ ሕግ ድጋፍ ሲባል ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ትመጣለች። በፌስታል የያዘችው ወረቀት ይኖራል፤ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ካላት እድለኛ ናት። ብዙ ጊዜ ያላት የሰፈሩ ሰው ምስክርነት ብቻ ነው። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት የኪራይ ደብተር በባል ስም ነው። እሱ ሌላ ቤት ሠርቶ ወጥቷል፣ ወይም እሷን አስወጥቷል፤ ለልጁ ቀለብ አይቆርጥም። ፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጠበቃማ የሚታሰብ አይደለም። ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው የሕግ ባለሙያ በመጀመሪያ ታዳምጣለች። አንዳንዱን ነገር ሴትየዋ ለእናቷ እንኳ ተናግራው አታውቅም። ከዚያ ለባል ደብዳቤ ይጻፋል፤ ቢመጣ በስምምነት ለመጨረስ ይሞከራል። ካልመጣ ክስ ይጻፋል። የዳኝነት መክፈያ ስለሌላት በደሃ ደንብ እንድትከስ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ማምጣት አለባት፤ ቀበሌው ውስጥ ደግሞ የባሏ ወዳጅ ተቀምጦ ይሆናል። መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ቢፈረድላት እንኳ ፍርዱን ለማስፈጸም ሌላ መዝገብ መክፈት አለባት። በዚህ ሁሉ ውስጥ አብሯት የሚሄድ ሰው ከሌለ በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ትቀራለች። ማኅበሩ የሠራው ነገር ቢኖር አብሮ መሄድ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጉዳይ የመጣው ማኅበሩ ገና ዳዴ ሲል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ጠላፊው ደፈራት፤ ቤት ውስጥ ዘጋባት። የእሱን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች። ሲደርሱባት አስጠነቀቀች፤ ጠላፊው ሲቀርባት ተኩሳ ገደለችው። ታሰረች፤ በሰው መግደልም ተከሰሰች። በአካባቢው ባህል ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ወንዱ ያደረገው አባቶቹ ያደረጉትን ነው፣ ደም ያፈሰሰችው እሷ ናት። ማኅበሩ ጉዳዩን ያዘ። ጠለፋ ጋብቻ መመሥረቻ ሳይሆን ጥቃት ነው፤ ከጥቃት ራሷን የተከላከለች ደግሞ ነፍሰ ገዳይ አይደለችም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ ፍርድ ቤቱ ራሷን በመከላከል ያደረገችው ነው ሲል በነፃ አሰናበታት። ወደ ቀዬዋ ግን መመለስ አልቻለችም። ፍርድ ቤቱ ነፃ ቢላትም አገሬው ነፃ አላላትም። በ2006 ዓ.ም. በዘረሰናይ ብርሃኔ ዳይሬክተርነት የተሠራው "ድፍረት" ፊልም የዓለም ሰው እንዲያውቀው ያደረገው ይህን ታሪክ ነው። እኔን ከፊልሙ በላይ የሚገርመኝ ያ ጉዳይ ያኔ በሕግ መጽሐፉ ላይ ከነበረው ድንጋጌ ጋር መጋጨቱ ነው። ልጅቷ በጠመንጃ ባታመልጥና ሽማግሌዎች ቢያስታርቋት ኖሮ ጠላፊው ባሏ ሆኖ፣ ክሱም ቀርቶ፣ ማንም ስሟን ሳያውቅ ትኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሕግ ማሻሻያው ዘመቻ ሥጋ ለበሰ። በየጠረጴዛው የተከማቸው መዝገብ ለአዋጅ ረቂቅ ማስረጃ ሆነ። የቤተሰብ ሕጉ ይሻሻል ሲባል "ትዳር ሊያፈርሱ ነው" የሚለው ተቃውሞ ከብዙ አቅጣጫ መጣ። ማኅበሩ ግን ባዶ ክርክር አላመጣም። ይህ አንቀጽ ያለባት ሴት እንዲህ ሆነች፣ ያ አንቀጽ ያለባት እንዲያ ሆነች ብሎ አቀረበ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የባል አለቅነት ቀረ፤ ንብረትን ሁለቱም እኩል ያስተዳድራሉ። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ሆነ፤ ሽማግሌ ቢያስታርቅ እሰየው፣ የመፍረድ ሥልጣን ግን አጣ። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ንብረትም ዕውቅና አገኘ። አንዱ የሌላውን ሥራ መሥራት የሚቃወምበት መብትም ተሻረ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በኋላ ባደረጉት ጥናት ሕጉ ቀድሞ በተሻሻለባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራና የተሻለ ችሎታ በሚጠይቅ ሥራ ላይ በብዛት መሰማራታቸውን አሳይተዋል። ትዳር አላፈረሰም፤ ሴትን ከቤት አስወጥቶ ሥራ አስገባ።

የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው፤ አንዳንዶቹ ፈጠኑ፣ አንዳንዶቹ ዓመታት ወሰዱ። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ አንዲት ሴት ክልል ስትሻገር ባሏ እንደገና አለቃዋ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የጠለፋውን ቀዳዳ ደፈነ። ጠላፊን ጋብቻ አያድነውም፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ሆነ። የሴት ልጅ ግርዛት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና የትዳር ጓደኛን መደብደብ በስማቸው ተጠርተው ወንጀል ሆኑ። ማኅበሩ ጠይቆ ያላገኘው ነገርም አለ። ሕጉ መደፈርን ሲተረጉም "ከጋብቻ ውጭ" የሚለውን ቃል እንደያዘ ቀረ። ባል ሚስቱን ቢደፍር ዛሬም በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። እዚህ ላይ የሕጉ አርቃቂዎች ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ብዙም አልራቁም፤ ይህን መናገር ያሳፍራል፣ አለመናገሩ ግን የባሰ ነው።

በሁለቱ ሕጎች መካከል ማኅበሩ ራሱ ሊጠፋ ነበር። በ1993 ዓ.ም. አንዲት ወጣት አንድ ሰው ለዓመታት እየተከታተለ ሲያጠቃት ሕግ አላስጥላት ብሎ ጉዳይዋ አደባባይ ወጣ። ሴቶች በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ማኅበሩ የፍትሕ አካላት ሥራቸውን አልሠሩም ሲል በግልጽ ተቸ። የፍትሕ ሚኒስቴርም ማኅበሩን ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ሠርቷል ብሎ አገደው፤ የባንክ ሒሳቡ ተዘጋ። እገዳው በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሳ። በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮ የነበራቸው ሴቶች ያለ ጠበቃ ዳኛ ፊት ቆመዋል። የማኅበሩ አባላት ግን ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። በ2003 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ መዓዛ የሀንገር ፕሮጀክት የአፍሪካ የመሪነት ሽልማት ሲሰጣቸው ማኅበሩ በአህጉሩ ላይ የታወቀ ሆኗል። አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አሶሳና ጋምቤላ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ከዚያ ውጭ ባሉ ከተሞችም የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎች ሠርተዋል።

ሕጉ መለወጥ ቢጀምርም ዳኛው እንዳልተለወጠ የሚያሳይ ጉዳይ ከአርሲ እንደገና መጣ። በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት 10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹ 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ ይመስላል ብሎ ፈታቸው። በአገር ውስጥ የቀረ መንገድ ሲጠፋ ማኅበሩ ኢኳሊቲ ናው ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2007 እ.ኤ.አ. አቤቱታውን ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰደው። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የልጅቷን መብት እንዳልጠበቀች ገልጾ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። ልጅ ሳለች የተጀመረ ክርክር ሙሉ ሴት ከሆነች በኋላ ተቋጨ።

ውሳኔው ሲመጣ ግን ማኅበሩ እንደ ቀድሞው አልነበረም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የሰብዓዊ መብትና የጾታ እኩልነት ሥራ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ብዙ ድርጅቶች ዓላማቸውን ቀይረው የልማት ሥራ ውስጥ ገቡ፤ እንዲህ በማድረጋቸው አልወቅሳቸውም፣ ሠራተኛ ማሰናበት ቀላል አይደለም። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ግን የመብት ሥራውን ሳይተው "የኢትዮጵያ ማኅበር" ሆኖ ተመዘገበ። ዋጋውንም ከፈለ። የነበረው ገንዘብ ታገደ፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ተሰናበቱ፣ ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ገንዘቡ ከአገር ውስጥ ይሰብሰብ ነበር የሚሉት። አገራችን ደግሞ ለጋስ ናት፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለመንገድ፣ ለታመመ ሰው እጅ ይዘረጋል። ባልን የሚከስ ክስ እንዲጻፍ ገንዘብ የሚያወጣ ግን የት አለ? ነጋዴው ያፍራል፤ ሚስቱም ትፈራለች፤ እድሩም "የሰው ትዳር ውስጥ አንገባም" ይላል። ሴትን ቤት ውስጥ ዝም ያሰኘው ልማድ ለጠበቃዋ የሚሆነውን ገንዘብም ያዘው። በሕግ የተከለከለው የውጭ ገንዘብ ቢሆንም የማኅበሩን እጅ ያሠረው የአገሬው ልማድ ነው። እኔ ከአዋጁ በላይ ይህ ያሳዝነኛል፤ አዋጅ ይሻራልና።

ተሻረም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው ነበር፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ያ ሹመት ብዙዎቻችንን አስደስቶናል። ነገር ግን የአንዲት ሴት ከፍ ማለት በቀጠሮ ቀን ብቻዋን ለቆመችው ሴት ጠበቃ አይሆንላትም። ማኅበሩ ዳግም ሥራውን አጠናክሯል፤ የተዘጉት ዓመታት ግን ተመልሰው አይመጡም። በእነዚያ ዓመታት በጠረጴዛው ፊት ሳይቀመጡ የቀሩት ሴቶች ስንት እንደሆኑ የቆጠረ የለም።

የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆችን ሥነ ምግባር ለረጅም ጊዜ ሲገዛ የኖረው ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ለሚያስፈልገው ሰው እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። የቀለብ ክስ ለመጻፍ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ይህን የሚያነቡ ጠበቃ ከሆኑ፣ ወንድም ይሁኑ ሴት፣ ከሰዓትዎ ላይ ቆርሰው ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይሂዱና አንድ መዝገብ ይያዙ። ጠበቃ ካልሆኑም በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ለአንዲት ጎረቤትዎ የክስ ወጪ የሚሆን መዋጮ ያንሱ።